ወዴት ነሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም

ሚጡዬ የኔ እናት እንደምን አለሽልኝ። ይሄን የምጽፍልሽ ከለሊት ሺፍት ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ቤት ገብቼ ከተኛሁ ሀሳቤ ይበተንብኛል ብዬ እዚሁ ስልኬ ላይ ልጨርሰው። ቮይስ ልልክልሽ ነበር ግን ቮይስ ላይ አለቅሳለሁ ራሴን አውቃለሁ፣ ደሞ ይሄን ደጋግመሽ እንድታነቢው ነው የምፈልገው።

ያለፈው እሁድ ስልክ ላይ የተናገርኩሽ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲበላኝ ከረመ። "ማሚ ላይፍ ኮች ጋር ልጀምር ነበር፣ ወሩ 4 ሺህ ብር ነው" ስትዪኝ ሳላስጨርስሽ "ለምክር ደሞ ብር ይከፈላል እንዴ፣ አክስትሽ አለች፣ ንስሐ አባትሽ አሉ፣ እኔ አለሁ፣ ምን ጎደለሽ" አልኩሽ። አንቺ "እሺ ማሚ" አልሽና ወሬ ቀየርሽ። ያ "እሺ ማሚ" ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ብትጨቃጨቂኝ ይሻል ነበር፣ ዝም ያልሽው ተስፋ ቆርጠሽብኝ ነው፣ ድምፅሽ ላይ ሰምቼዋለሁ።

እና አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። እኔ ራሴ ኮች ነበረችኝ። ሰባት ወር ሙሉ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂው እናትሽ እዚህ አሜሪካ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው፣ ሆና ሽማግሌና አሮጊት ስትንከባከብ ቆይታ ከዛ ተምራ ኤልፒኤን የሚሉት ፈቃድ ያላት ነርስ ሆነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ። ከመሀል ግን ቆርጬ ያወጣሁት አለ። ትምህርቱን የጨረስኩት በፈረንጅ 2021 ነው፣ የላይሰንስ ፈተናውን ኤንክሌክስ ይሉታል፣ ተፈተንኩና ወደቅኩ። ለወደቀ ሰው አንድ ሪፖርት ይልካሉ፣ በዚህኛው ክፍል ከማለፊያው በላይ ነሽ፣ በዚህኛው አጠገቡ፣ በዚህኛው በታች እያለ የሚዘረዝር። የኔ "በታች" "በታች" "በታች" እያለ ነው የሚወርደው። አጥፌ ኮመዲኖ ውስጥ ከፓስፖርቴ ስር ከተትኩት። ከ45 ቀን በኋላ ድጋሚ መቀመጥ ይቻላል፣ እኔ ግን ሁለት ዓመት ከምናምን ወረቀቱን አልነካሁትም። ሰው ሲጠይቀኝ "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" እላለሁ። ላንቺም እንደዛ ነበር የምልሽ።

ከዛ በኛ 2016 መስከረም መጨረሻ ያንቺ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣ። ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ፣ እኔም አልረሳሁትም፣ ግማሽ ሰዓት ጮህኩብሽ፣ እዚህ አሮጊት እያገላበጥኩ የማስተምርሽ ለዚህ ነው ወይ አልኩሽ። ያኔ እኮ ሚጡ የኔ የራሴ የመውደቂያ ወረቀት ከተቀመጥኩበት አልጋ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። የዛን ዓመት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው፣ ከመቶ ልጅ 97ቱ ሰነፍ ሊሆን አይችልም፣ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስበው ይገባዋል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አላሰብኩም። ሳላማክርሽ ኮሌጅ ሌቭል አካውንቲንግ አስመዘገብኩሽ። በዚህ ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም፣ አሁን ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።

ኮቿን ያገኘኋት ከዛ በኋላ ነው፣ ጥር አካባቢ። የምሰራበት ቦታ ለሰራተኛው በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፣ መማር ወይ ስራ መቀየር ለሚፈልግ ኮች ይመድቡለታል፣ በየሁለት ሳምንቱ 45 ደቂቃ በዙም። የተመዘገብኩት እውነቱን ልንገርሽ አንዷ የስራ ጓደኛዬ ስለጨቀጨቀችኝ ነው። ኮቿ አበሻ አይደለችም፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነች፣ መጀመሪያ ይሄ ቅር ብሎኝ ነበር በኋላ ግን ተገላገልኩ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር የኛ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፣ ቅዳሜ የነገርሽው እሁድ ቤተክርስቲያን ግቢ ቀድሞሽ ይደርሳል።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽ። ምን እንደምትፈልጊ ንገሪኝ አለችኝ። እኔ ሳላስብ "ልጄ ዶክተር እንድትሆንልኝ" አልኳት። ጻፈችውና ቀና ብላ "እሱ የልጅሽ ነው፣ ያንቺስ?" አለችኝ። ሚጡ ሙት አልኩ። የማወራው ጠፋኝ። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኳት። "አለሁ፣ አትቸኩዪ" አለችኝ። በ44 ዓመቴ አንድ ሰው አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎኝ መልሴን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ባል ጠይቆኝ አያውቅም፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና የት ጊዜ ኖሯት። ያኔ ነው ለራሴ የመጣልኝ፣ እኔም ላንቺ ጠይቄሽ አላውቅም። ምን እንደምትሆኚ ነው ስነግርሽ የኖርኩት።

ኮች ማለት ምን እንደሆነ ለአክስትሽ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር፣ ቆይቼ አንድ ነገር አነበብኩ። ቃሉ መነሻው ጋሪ ነው። ሀንጋሪ አገር ኮች የምትባል መንደር አለች፣ ድሮ በፈረስ የሚጎተት ጥሩ ጋሪ የሚሰሩባት፣ ጋሪው በመንደሯ ስም ተጠራ፣ ከዛ እንግሊዞች ጋ ሲደርስ በ1830ዎቹ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ ኮች አሉት፣ ከዛ ወደ ስፖርት ገባ። ይሄን ሳነብ አሰላ ትዝ አለችኝ። እኛ ልጅ ሆነን ጋሪ ላይ ስትወጪ ባለጋሪው ልጓሙን እንደያዘ ዞር ብሎ የሚልሽ መጀመሪያ አንድ ነገር ነው፣ "ወዴት ነሽ?" ሳይጠይቅሽ ፈረሱን አይነካም። እኔ ሳልጠይቅሽ ፈረሱን የገረፍኩ እናት ነኝ።

አሰልጣኝ ስልሽ ደሞ ሌላም ትዝ አለኝ። በኛ 1984 ደራርቱ ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ እኔ 12 ዓመቴ ነበር፣ የበቆጂ ልጅ ናት፣ በቆጂ ደሞ ከኛ አሰላ ሩቅ አይደለም፣ የዛን ለት ሰፈሩ ሁሉ የሷ ዘመድ ሆኖ ነው ያደረው። እዛ በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር አሉ፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ገና ልጅ ሆነው ያሰለጠኑ። አንድ መምህር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ያ ሁሉ ወርቅ። ግን አንድም ዙር አልሮጡላቸውም። የሮጡት ልጆቹ ናቸው። የስፖርት አሰልጣኝ እንዲህ ሩጪ እንዲህ ተንፍሺ ይልሻል፣ ላይፍ ኮች እሱንም እንኳን አይልሽም፣ ሰዓት ይዞ አጠገብሽ ይቆማል ነው ነገሩ፣ እግሩ ያንቺ ነው።

አሁን ምን እንደምንሰራ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺም ስትጀምሪ "ይሄው ነው እንዴ" ብለሽ እንዳትተዪው። በየሴሽኑ አራት ነገር ነው የምትጠይቀኝ። ምን ትፈልጊያለሽ፣ አሁን የት ነሽ፣ ምን ምን መንገድ አለሽ፣ ከዛ ውስጥ የቱን መቼ ታደርጊያለሽ። በኋላ ሳነብ ግሮው የሚባል አሰራር ነው፣ ጆን ዊትሞር የሚባል የድሮ የመኪና ተወዳዳሪ የነበረ እንግሊዛዊ ያስፋፋው፣ ዓለም ላይ ብዙ ኮች የሚጠቀመው እሱን ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? "አሁን የት ነሽ" የሚለው ነው የሚያመው። እሱን ለመመለስ ያን ወረቀት ከፓስፖርቱ ስር አውጥቼ ካሜራ ፊት ዘርግቼ ማንበብ ነበረብኝ። እያነበብኩ አለቀስኩ፣ እሷ አላባበለችኝም። ስጨርስ "ከነዚህ ውስጥ የትኛው ላይ መጀመሪያ ብትሰሪ ይቀልሻል?" አለችኝ። መድኃኒት አልኩ። "እሺ መድኃኒት።" በቃ።

ከዛ ጊዜ የለኝም አልኳት። እውነቴን ነበር፣ ለሊት ሺፍት፣ ቀን ሌላ ቤት አንዲት አሮጊት እይዛለሁ፣ እንቅልፍ፣ ላንቺ መደወል። ሳምንቱን ሰዓት በሰዓት ሳይልን አለችኝ፣ 168 ሰዓት ነው፣ ሳልነው። ክፍት ቦታ የለም። "ሺፍት ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?" አለችኝ። እኔ ፓርኪንግ ስለማይገኝ አርባ ደቂቃ ቀድሜ ነው የምደርሰው፣ በኛ ማታ አራት ተሃያ አካባቢ፣ ሺፍቱ አምስት ሰዓት ነው። "በዛ አርባ ደቂቃ ምን ታደርጊያለሽ?" ቲክቶክ ሚጡ። ሌላ ምንም።

እና አንድ ዓረፍተ ነገር አጻፈችኝ፣ በራሴ አፍ በራሴ ቃል፣ በአማርኛ ጻፊው አለችኝ። "መኪናዬን አቁሜ ሞተር ካጠፋሁ በሩን ሳልከፍት 15 ጥያቄ እሰራለሁ።" ወረቀቱን ከመሪው ጎን ለጠፍኩት፣ አሁንም አለ፣ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል፣ ይሄን ስጽፍልሽ እያየሁት ነው። ነገሩ እንዲሁ ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሳይኮሎጂ ፕሮፌሰር በ1999 የጻፈው ጥናት አለ፣ ሰው "አጠናለሁ" ብሎ ብቻ ከሚወስን "እዚህ ቦታ እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ ቢወስን የማድረግ እድሉ ይጨምራል ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና ከራስሽ ጋር አትከራከሪም፣ ሞተሩ ሲጠፋ እጅሽ ራሱ ወደ ጥያቄው ይሄዳል። እኔ ላይ በትክክል የሆነው እሱ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ግድግዳ መግፋት ነበር፣ ከዛ ለመደብኝ። በሳምንት አራት ለሊት፣ 60 ጥያቄ፣ ክረምት በጋ። ሦስት ጊዜ ተውኩት፣ አንዴማ ወር ሊሞላኝ ነበር፣ አንቺ ታይፎይድ ታመሽ የነበረ ጊዜ። ተመልሼ ስመጣ ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ "ምን ነበር የከለከለሽ፣ ድጋሚ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?" ብቻ ነው ያለችኝ። አለመቆጣቷ ነው የመለሰኝ መሰለኝ።

በፈረንጅ 2024 ነሐሴ ላይ ተፈተንኩ። ያ ፈተና መልስሽን እያየ ጥያቄውን ያከብድልሻል ወይ ያቀልልሻል፣ በቃኝ ሲል ራሱ ይዘጋል፣ ከ85 አያንስም ከ150 አይበልጥም። 85 ላይ ስክሪኑ ጥፍት አለ። ወደቅኩ ብዬ ነው የወጣሁት፣ ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም። ማለፌ ሲነገረኝ መጀመሪያ የደወልኩት ላንቺ ነበር፣ "ማሚ እልልል" ብለሽ ጎረቤት አስነሳሽ። ያን ቀን ልነግርሽ ነበር አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልጅ ፊት ወድቄ ነበር ማለት አቃተኝ፣ እንዴት እንደተነሳሁ ካልነገርኩሽ ግን ማለፌ ላንቺ ምን ይጠቅምሻል።

ለወጣት ብቻ እንዳይመስልሽ ደሞ። አብሮኝ የሚሰራ አንድ 52 ዓመት የሞላው የኛ ሰው አለ፣ አስራ ምናምን ዓመት ፓርኪንግ የሰራ፣ ሰው ሁሉ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጣ ትራክ ንዳ ሲለው እሱም ሲዲኤል ሲዲኤል ሲል የኖረ። ያው ኮቿ ጋ ሄዶ በሦስተኛው ሴሽን ትራክ መንዳት ጭራሽ እንደማይፈልግ ገባው፣ ከቤተሰቡ ርቆ ማደር አይፈልግም፣ ሰው ስለሚለው ነው እንጂ። አሁን የኤሲና የሂተር ጥገና እየተማረ ነው። ማታ ማታ ቤቱ ነው የሚያድረው።

እንግዲህ አንቺ ስለያዝሽው ሰው ልምጣ። እኔ አላውቀውም፣ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን እናትሽ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ። ኮች ለመባል ፈቃድ አያስፈልግም፣ እዚህ አሜሪካም እንኳን አያስፈልግም፣ ዛሬ ጠዋት ተነስቶ ፔጅ ከፍቶ ኮች ነኝ ማለት ይችላል ማንም። ስለዚ ጠይቂው፣ አትፈሪ፣ ብር ከፋይዋ አንቺ ነሽ። የት ሰለጠንክ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው ኮች አድርገሃል በይው። በ1995 የተቋቋመ አይሲኤፍ የሚባል ዓለም አቀፍ የኮቾች ፌዴሬሽን አለ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 60 ሰዓት ስልጠናና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል፣ ትልቁ ደረጃ ላይ ልምዱ 2,500 ሰዓት ነው። እሱ ወረቀት የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልሽም፣ ስትጠይቂው የሚቆጣ ከሆነ ግን ተነሺና ውጪ።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ የሚያስጮህና የሚያስለቅስ ሞቲቬሽናል ስፒከር ሌላ ነው፣ ኮች ሌላ ነው። አዳራሹ እሁድ ያሞቅሻል ረቡዕ ይበርዳል፣ እኔ አልጠላውም፣ ግን 4 ሺህ ብር አይከፈልበትም። ደሞ "በ1953 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ውስጥ ጎላቸውን የጻፉት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከሌላው 97 በመቶ በላይ ሀብታም ሆነው ተገኙ" የሚል ታሪክ ከነገረሽ ልብ በይ፣ በየአዳራሹ ይወራል እንጂ እንደዛ የሚባል ጥናት ጭራሽ አልተሰራም። የሚያወራውን ያላጣራ ሰው ያንቺንም አያጣራም። በ90 ቀን ሚሊየነር፣ ሦስት ሰው ካመጣሽ ለአንቺ በነፃ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ከሰማሽ ደሞ አንድ ደቂቃም አትቆዪ፣ ያ ኮቺንግ አይደለም፣ እኔ የስንት ዓመት ቁጠባዬን እንደዛ ዓይነት ነገር ውስጥ የከተትኩ ሰው ነኝ፣ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ።

አንድ በጣም የማስብበት ነገር አለ፣ በእውነት መልሺልኝ። አክስትሽ ለሊት አትተኛም፣ ምግብ ቀንሳለች ትለኛለች። እንቅልፍ ማጣቱና ምግቡ የቆየ ከሆነ፣ ወይ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ወይ ደሞ መኖር የሚያስጠላሽ ቀን ካለ፣ የኔ ማር፣ እሱ የኮች ስራ አይደለም። ሐኪም ነው የሚያየው፣ የአእምሮ ሐኪም ወይ ሳይኮሎጂስት። ደህና ኮች ራሱ ይሄ ከኔ በላይ ነው ብሎ ይልክሻል። እኛ ድሮ አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ምን ይለኛል እያልን የምንሸሽ ሰዎች ነበርን፣ እኔ አሁን እዚህ የማያቸው በሽተኞች አስተምረውኛል፣ ጭንቀትም ድብርትም ይታከማል፣ ገና በጊዜው ሲያዝ ደሞ ይቀላል። እንደዛ ከሆነ ንገሪኝ፣ አልጮህም። ወደ ንስሐ አባትሽም ሂጂ፣ እሳቸው ለነፍስሽ ናቸው፣ አንዱ አንዱን አይተካም፣ እኔም እሁድ ያጠፋሁት ሁሉንም አንድ ላይ ስለቀላቀልኩት ነው።

ብሩን ልኬያለሁ፣ በአክስትሽ ስም ነው፣ የሦስት ወሩን። ለሦስት ወር ብቻ የሆነው ስለሰሰትኩ አይደለም፣ ኮች እድሜ ልክ የሚያዝ ነገር ስላልሆነ ነው፣ እኔ በሰባት ወር ነው የተለያየነው፣ መጨረሻ ላይ ራሴን ራሴ መጠየቅ ጀምሬ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ቁጭ ብለሽ እዪው፣ ከጥር ወዲህ ምን ሰራሁ በይ፣ የሰራሽውን በጣትሽ ቆጥረሽ ማሳየት ካልቻልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ ወይ ተዪው። ለኔ ሳይሆን ለራስሽ ነው የምታሳዪው።

ደሞ አንድ ቃል ልግባልሽ። እዛ ውስጥ ምን እንዳወራሽ አልጠይቅሽም። አክስትሽንም አስጠንቅቄያታለሁ። ስለ እኔም አውሪ፣ ጥላኝ ሄደች በይ፣ ጮኸችብኝ በይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትቼ ስወጣ ፕሮሰሱ ይሄን ያህል ይፈጃል ብዬ አልነበረም፣ ግን ላንቺ የሆነው የሆነ ነው፣ ያንን የማውሪያ ቦታ ያስፈልግሻል። እና አካውንቲንጉን እተዋለሁ ብትዪም፣ ብትቀጥዪም፣ መጀመሪያ "ለምን?" ብዬ ሳይሆን "ወዴት ነሽ?" ብዬ ነው የምጠይቅሽ፣ ከዛ ዝም እላለሁ። ይከብደኛል፣ ግን ተለማምጃለሁ።

አክስትሽ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ "ለሊት የማትተኛው ግማሹ እሱ ነው፣ የሰው ሰርግ ቪዲዮ ስልኳ ላይ ስትቆርጥ ስትቀጥል ነው፣ የጎረቤቷ ልጅ 2 ሺህ ብር ከፈለቻት።" እኔ እኮ አምና እሱን ሳይ "ጨዋታሽን ትተሽ አጥኚ" ብዬሻለሁ። አንድ ጊዜም ቢሆን ከፍቼ አላየሁትም።

የዛችን ልጅ ሰርግ ላኪልኝ። አጭሩን አይደለም ሙሉውን፣ በቴሌግራም ፋይል አድርገሽ፣ እንዳይደበዝዝ። ረቡዕ ኦፍ ነኝ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ከዛ እደውልልሻለሁና የትኛው ጋ ምን እንዳደረግሽ ታስረጂኛለሽ።

እናትሽ